ሦስት ክፍል ከነግቢው

መስከረም 14

ይድረስ ለአባባ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ዓይንዎስ እንዴት ነው? ይህን የሚያነቡልዎት ጎረቤትዎ ጡረተኛው መምህር ስለሆኑ ለእሳቸውም ሰላምታዬ ይድረስ። መምህር፣ እባክዎ ስህተቴን በቀይ እስክሪብቶ አያርሙ። አባባ የሚፈልጉት ወሬውን እንጂ ማርኬን አይደለም።

«ስልክ የለም ወይ፣ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ቢሉኝ፦ አባባ፣ ባለፈው አባዬ ደውሎ «ቤቱ ሊሸጥ ነው» ቢልዎት «እሰይ! እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብለው ዘጉበት። ጆሮዎ የሚሰማው ደስ ያለውን ብቻ ነው። አባዬም «በቃ፣ ደስ ይበላቸው፣ ተዪው» አለኝ። እኔ ደግሞ መተው የሚባል ነገር አልችልበትም። እየጻፍኩልዎ መሆኔን አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖርበት ቤት፣ እኔ የተወለድኩበት፣ አባዬ የፊተኛው ክፍል ውስጥ የሰው ሶፋ የሚያለብስበት፣ ሦስት ክፍል ከነግቢው ሊሸጥ ነው። አከራያችን ልጇ ጋ ልትጠቃለል ነው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ «ለሌላ ከመሸጤ በፊት ቅድሚያ ለእናንተ ነው፣ እስከ ጥር መጨረሻ እጠብቃችኋለሁ» ብላለች። አባዬ «ቅድሚያ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቤቱን የገዛው መሰለው። በማግስቱ የውጭውን በር አረንጓዴ ቀለም ቀባው። የሰው በር!

ከዚያ ሦስታችንም ለቤት መግዣ ብድር ባንክ ሄድን። አባዬ የሠርጉን ሱፍ ለብሷል። ቁልፉ አልደርስ ስላለው ሆዱን ስቦ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የተቀመጠው። የብድር ክፍሏ ልጅ ወጣት ናት፤ መነጽሯ ከፊቷ ይሰፋል።

«ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ተበድረው ያውቃሉ?»

«እኔ?» አለ አባዬ ደረቱን ነፍቶ። «በዕድሜዬ የሰው ሳንቲም ተበድሬ አላውቅም!»

«እንግዲያው የብድር ታሪክ የለዎትም ማለት ነው።»

«ታሪኬማ ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ሳይሆን ባዶ ነው፣ ጋሼ። ወስደው ሲመልሱ ያየንበት ነገር የለም።»

አባባ፣ ዕድሜውን ሙሉ የኮራበት ነገር ጉድለት ሆኖ ሲነገረው ያን ፊት ቢያዩት! ሆዱ ተለቀቀ፤ ቁልፉም በረረ። ቀጥላ ገቢውን ጠየቀችው። «ይመጣል» አላት። «በወር ስንት?» ስትለው «እንደ ሶፋው ነው» አላት። እማዬ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍሏን የደመወዝ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከመላው ቤተሰባችን ባንኩ ያመነው ያቺን ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው።

ልጅቷ ለአባዬ «ሂሳብ ይክፈቱ፣ የሚያገኙት ሁሉ በእሱ ይለፍ፣ ገቢዎ ሲታይ ተመልሰው ማመልከቻ ያስገባሉ» አለችው። ያን እያደረግን ነው።

ፈጣኑ አጎቴስ ምነው ጠፋ? ድሮም «ፈጣኑ» ያልነው ሁልጊዜ ስለሚያረፍድ ነው፤ የአሁኑ ግን በዛ። የጭነት መኪናው ሥራ ደህና ነው? አባዬ ስሙን ሳያነሳ አይውልም፤ «ወንድሜ ዘጋኝ» ይላል።

ምላስዋ የማያርፈው የልጅ ልጅዎ

*

ጥቅምት 5

ለምላሲት፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ መምህሩ አነበበልኝ። ሁለት ቦታ ላይ ሳቀ፤ በማን እንደሳቀ ጠይቄዋለሁ፣ አልመለሰልኝም።

ዓይንዎ እንዴት ነው ላልሽው እንደ ድሮው ጭጋግ ነው፣ አታስቢ። ጉልበቴ ግን ተመስገን ነው። አጎትሽም ደህና ነው፤ መንገድ ላይ ነው። ሾፌር የት ይሆናል ታዲያ?

ያቺ ልጅ አባትሽን «ባዶ» ትበለው? በእኛ ጊዜ ሰው ጢሙን ይዞ ይምል ነበር። ጢም ያላበቀለው የአባቱን ይዞ ይምላል። አባትሽ ፊርማውን ለሰው ነፍጎ የማያውቅ ሰው ነው። ማን ዋስ ጠይቆት እምቢ አለ? እንዲህ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ባንኩ ወረቀት ከሚያገላብጥ ለምን ሰፈሩን አይጠይቅም? ይህን ንገሪያት።

ፊደልሽን ግን ምን ነካው? መስመሩ ሁሉ ዳገት ይወጣል። ወረቀቱን አቃንተሽ ያዢ።

አያትሽ

ከጸሐፊው፦ «እንኳን ደስ ያላችሁ» በማለታቸው በጣም አፍረዋል፤ ይህን እንዳልጽፍ ግን ከልክለውኛል።

*

ኅዳር 22

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስላዘገየሁ ይቅርታ። ምክንያቴ ሁለት ነው፤ አንደኛው ፈተና ነበር፤ ሁለተኛውን ባልነግርዎ ደስ ይለኝ ነበር።

«ባንኩ ሰፈሩን ይጠይቅ» ላሉት፣ ልጅዎም የእርስዎ ልጅ ነውና ይህንኑ ብሏል። የሰፈራችንን ፀጉር አስተካካይ ከነነጭ ካፖርቱ ለምስክርነት ይዞት ሊሄድ ነበር፤ እማዬ ናት ከመንገድ የመለሰቻቸው።

ሂሳቡ ተከፍቷል። አባዬ ገንዘብ ያስገባና በማግስቱ ተመልሶ «አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የመስኮቷ ልጅ ለምዳዋለች፤ «አለ ጋሼ፣ ደህና አድሯል» ትለዋለች። አንዱ ደንበኛ ደግሞ ለሶፋው ዋጋ አሮጌ ብስክሌት ሰጠው። ይሄ በሂሳብ ቁጥር አይገባም ስለው አኮረፈኝ።

ባለፈው ሳምንት ማመልከቻውን አስገባን። መጠበቂያው ላይ ያለው ወንበር ቆዳው ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል። ተራችን እስኪደርስ አባዬ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከቶ ይመረምር ጀመር። «የሰው ዕቃ አትንካ!» ስለው «በሽተኛ አይቶ የሚያልፍ ሐኪም አለ?» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር አባባ። ስሙን ሲጠሩት እንኳ ስፖንጁን መልሶ ወትፎ፣ መታ መታ አድርጎ ነው የተነሳው።

የብድር ክፍሏ ልጅ ኮምፒውተሩን አየች። ደግማ አየች።

«ጋሼ፣ የጭነት መኪና ብድር አለብዎት።»

አባዬ ሳቀ። «እኔ የምነዳው ማሽን በእግር የሚረገጠውን ነው።»

«ዋስ ሆነው ፈርመዋል።»

«እሱማ ለታናሽ ወንድሜ። ዕዳው የእሱ ነው።»

«እሱ ሲከፍል የእሱ ነው፤ ሳይከፍል የእርስዎ ነው። ከሐምሌ ወዲህ አልተከፈለም።»

አባባ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳዎ፤ መምህርም እዚህ ጋ ረጋ ብለው ያንብቡ። የአባዬ ታሪክ ባዶ ነው ተብሎ አልነበር? ባዶ አይደለም። የአጎቴ መኪና ተኝቶበታል። የመኪናው ወርሃዊ ክፍያ እኛው የተበደርነው ያህል ከገቢያችን ላይ ተቀነሰ፤ ያልተከፈሉት ወራት ደግሞ አባዬ ስም ላይ ተጻፉ። ለፀጉር አስተካካዩ ሱቅ የፈረመውም እዚያው አለ። እሱ እንኳ በየወሩ ይከፍላል፣ ይባረክ። ግን ዋስ ሲበዛ ባንኩ ደግ ሰው አይልም፤ ሸክም የበዛበት ሰው ነው የሚለው።

አባዬ ልጅቷን «ስህተት ይሆናል፤ ወንድሜ ይከፍላል» አላት። ሦስት ጊዜ አላት። በመጨረሻው ላይ እሷን አልነበረም የሚያያት። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ ራሱ የቀባውን አረንጓዴ በር አልፎ ሄደ፤ እጁን ይዤ መለስኩት።

አጎቴ ያልተከፈሉትን ወራት ከጥር መጨረሻ በፊት ከፍሎ ከደረሰ፣ ማመልከቻው እንደገና ይታያል ተብለናል። አባዬ ግን አይደውልለትም። «ወንድሜን እንደ ባንክ አልጠይቀውም» ይላል። ስለዚህ እርስዎን እለምናለሁ፤ እርስዎ ቢሉት ይሰማል። የአጎቴ መኪና ምን ሆኖ ነው?

*

ታኅሣሥ 10

ለምላሲት፣

እኛ ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል። የጎረቤት ውሻ ወልዳለች፤ አራት ናቸው፣ አንዱ ነጭ ነው። ጉልበቴን ግን ሰሞኑን ይዞኛል፤ መምህሩ ከብርድ ነው ይላል፣ እኔ ከእርጅና ነው እላለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ሁለት ቀን ተከራከርን።

ስለ መኪናው ለጠየቅሽኝ፣ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ትንሽ ጥገና ቢጤ ይፈልጋል። አጎትሽ ይከፍላል። ባንኩ ይታገሥ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ነገር ምን ያስቸኩለዋል?

አልሆን ካለም እኔ ለአባትሽ ዋስ እሆናለሁ። ልጅቷን ጠይቂልኝ። ፊርማዬ አሁንም አይንቀጠቀጥም።

መጨረሻው ገጽ ላይ የተንጠባጠበው ነገር ቀለም ነው ወይስ ዕንባ? ዕንባ ከሆነ ደስ አላለኝም።

አያትሽ

ከጸሐፊው፦ ስለ መኪናው ሞተር አንዲት ቃል እንዳልጽፍ ታዝዣለሁ። ስለዚህ ስለ ሞተሩ ምንም አልጻፍኩም።

*

ታኅሣሥ 24

አባባ፣

ቀለም ነው። እኔ ሳለቅስ ሐምራዊ አይወጣኝም።

«ዋስ ልሁን» ላሉት ጠየቅኩልዎ። ብድሩ የሃያ ዓመት ነው። ዕድሜዎን ስነግራት ልጅቷ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። «ጥርሳቸው እኮ አንድም አልጎደለ» ብላት ሳቀች፤ ግን አልጻፈችውም።

እማዬ ብቻዋን በስሟ ብትጠይቅስ አልን። ስሟ ንጹሕ ነው፣ ደመወዟ በየወሩ ይገባል፣ ልጅቷም እሷን ትወዳታለች። ችግሩ የወሩ ክፍያ ከደመወዟ ሲሶ መብለጥ አለመቻሉ ነው። ሂሳቡ ተሠርቶ ሲወጣ ባንኩ የሚሰጣት ብድር ማድቤቱንና የመጸዳጃ ቤቱን ግማሽ ይገዛል። «የትኛውን ግማሽ?» ብዬ ብጠይቅ እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ማታ ግን እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ አላቆመም፤ መጨረሻው ላይ ሳቅ አልነበረም።

አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ቤቱን ሊያይ መጥቶ ነበር። ግቢውን በእርምጃ ለካ። አባዬ ሶፋ ላይ ጎንበስ እንዳለ ቀና ሳይል «ጣራው በደቡብ በኩል ያፈሳል» አለው። ውሸቱን ነው፤ በሁሉም በኩል ነው የሚያፈሰው።

አሁን የእኔ ጥያቄ። አባባ፣ ቀለሙን በምን አዩት? መስመሬ ዳገት መውጣቱንስ? መምህሩ ነገሩኝ እንዳይሉኝ። መምህር ሲያርሙ እርማቱን በራሳቸው ስም ነው የሚጽፉት፣ ለሰው አይሰጡም። የውሻዋ ልጅ ነጭ መሆኑንም ያወቁት በማሽተት አይመስለኝም። የባለፈው ዓመት ጭጋግ እኔንና የእንጨት ምሰሶን አይለይም ነበር፤ ለምሰሶው ሁለት ጊዜ ሰላምታ ሰጥተውታል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠፍቷል፤ ከዓይንዎ ጭጋጉ፣ ከመኪናው ሞተሩ። የት ሄዱ? አብረው ነው የሄዱት?

*

ጥር 8

ልጄ፣

ይህን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። መምህሩ ከውጭ ተቀምጧል፤ እንዳይገባ ብዬዋለሁ። ፊደሌን ስታዪው በፊደልሽ የቀለድኩትን ይቅር በይኝ።

አዎ፣ አብረው ሄዱ። ሰኔ ላይ ሐኪሙ «አሁን ካልተሠራ ብርሃኑ አይመለስም» አለ። የመንግሥት ሆስፒታሉን ወረፋ የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረንም፣ የግል ሆስፒታል ሄድን። አጎትሽ ሞተሩንና ጎማዎቹን ሸጠ። ለአባትሽ እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ አባትሽ ቢሰማ የልብስ ስፌት ማሽኑን ይሸጣል ብዬ ፈራሁ። ታውቂዋለሽ፣ ይሸጠው ነበር። አጎትሽ በሁለት ወር ሌላ ሞተር እተካለሁ ብሎ ነበር፤ አልሆነለትም። አሁን የሰው መኪና ያሽከረክራል፤ የሚያገኘው ከአፉ አያልፍም። የእሱ መኪና ድንጋይ ላይ ቆሟል። ጋቢናው ውስጥ ዶሮ ትተኛበታለች።

የምኖርበት ቤት የእኔ ቢሆን ዛሬ እሸጠው ነበር፤ ግን የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ንብረት ነው፣ ስሞት ይረከቡታል።

አባትሽን «ለወንድምህ ፈርምለት» ያልኩት እኔ ነኝ። ስም ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ክብር ነበር የሚመስለኝ። የሰው ቤት አብሮ እንደሚቀመጥ የነገረኝ የለም። ቢነገረኝም ኖሮ ፈርም እለው ነበር፣ ያን ያህል ነው የማውቀው።

አንድ ልመና አለኝ። ለአባትሽ አትንገሪው። አጎትሽም «ገንዘቡን አባከነው ይበለኝ፣ እሱ ይሻለኛል» ብሏል። አባትሽ የእኔን ዓይን እያሰበ ከዚያ ቤት እንዳይወጣ። ተቆጥቶ ይውጣ። የተቆጣ ሰው ዕቃ ለመሸከም ይበረታል።

አያትሽ

*

የካቲት 12

አባባ፣

አዲሱን አድራሻችንን ጀርባው ላይ ጽፌዋለሁ። ከብረት ብየዳው ቤት በላይ ነው፣ ሁለት ክፍል። ግቢ የለም። ሲበይዱ መስኮቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ እማዬ መብራት ቆጠብን ትላለች።

«ተቆጣ ወይ?» ቢሉኝ፣ ተቆጥቷል። እንዳሉት ሆነ። ሶፋዎቹን አንዱን ከሌላው ደርቦ ተሸከመ፤ እየተሸከመ ወንድሙን ረገመው፤ ከረገመው በኋላ ደግሞ ቁጭ ብሎ «ታሞ እንኳ ቢሆን ይነግረኝ ነበር» አለ። እኔ ሳጥን ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ የሌለ ነገር ስፈልግ ነበር። አከራያችን አለቀሰች። ባለ መድኃኒት ቤቱ መጀመሪያ ያደረገው ነገር በሩን ነጭ መቀባት ነው።

አሁን የሚስቁበትን ነገር ልንገርዎ። አዲሱ አከራይ ከመፈራረማችን በፊት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዋስ አምጣ!» አባዬ በዚያ ሰሞን የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ዋስ? ለእኔ?» አለና ሱፉን ለብሶ ወጣ። ለግማሽ ሰፈር የፈረመ ሰው አንድ ፊርማ የሚያጣ አልመሰለውም።

ፀጉር አስተካካዩ ቤት አብሬው ሄድኩ። ሚስቱ በሩን በግማሽ ከፍታ «የለም፣ ወጥቷል» አለች፤ መቁረጫ ማሽኑ ከኋላዋ እየጮኸ። አባዬ «እሺ፣ ሲመጣ ሰላም በይልኝ» አላት። ሁለተኛው ጎረቤት መታወቂያዬ ጠፍቷል አለ። ሦስተኛው እውነቱን ተናገረ፤ «ጋሼ፣ ባንክ ስምህን እንዳበላሸው ሰምተናል፣ እኛም ልጆች አሉን» አለው። አባዬ ደግሞ «ልክ ነህ» አለ! አባባ፣ ልክ ነህ አለው! በመንገድ ላይ እኔ ስሳደብ እሱ «ተያቸው፣ ባልፈርምላቸው ኖሮ እኔም እንደነሱ ብልህ ነበርኩ» ይለኛል።

ዋስ ስላልተገኘ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ቅድሚያ ከፈልን። ለቤቱ መግዣ ያጠራቀምነው ገንዘብ ያ ነበር። አባዬ «አለ?» ብሎ የሚጠይቅበት ነገር የለም አሁን፤ የመስኮቷ ልጅ ሳትናፍቀው አትቀርም።

ባንኩ ግን አልረሳውም። የመጠበቂያውን ወንበሮች በሙሉ እንዲያለብስ ጠሩት። ክፍያው በሂሳቡ ገባ። ባለመነጽሯ ልጅ ራሷ ወንበሮቹን ለማየት ደረጃውን ወጥታ መጣች፤ ደስ ብሏት «ጋሼ፣ አሁን ገቢዎ መታየት ጀመረ!» አለችው።

«ለማን?» አላት።

ትናንት የመጨረሻውን ወንበር ሲያለብስ ቆዳውን ወጥሬ ይዤለት ነበር። አልቻልኩም አባባ፤ ምላሴን ያውቁት የለ።

«አባዬ፣ እንበልና አጎቴ ገንዘቡን ለጥሩ ነገር አውሎት ቢሆንስ?»

«ለምን ዓይነት ጥሩ ነገር?»

«እንበል ነው ያልኩህ።»

ሚስማሮቹን አንድ አንድ እያለ ከአፉ አወጣቸው። «ያኔም እፈርም ነበር» አለ። «ያኔም ቤቱ ይሄድ ነበር። ምን ይለወጣል?» አንድ ሚስማር መታ። «አንቺ ግን አድገሽ ለማንም እንዳትፈርሚ።»

«ለአንተም?»

«ለእኔ ከሁሉም በፊት። ያዢው፣ አትልቀቂው፣ ቆዳው ይሸበሸባል።»

ያዝኩት። አልነገርኩትም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ መምህሩ ሳይመጡ ብቻዎን ያንብቡት። «ልጠይቃችሁ ልምጣ ወይ?» ቢሉኝ፣ ለጊዜው ይቅር፤ አባዬ እንዳየዎት ወዲያው ነው የሚያውቀው፤ ምሰሶ እንኳ ሰላም አይሉም አሁን። ከቤት ሲወጡ ኮፍያ ያድርጉ። አቧራ ሲነሳ ይጨፍኑ። በእጅዎ አይሹት። ያንን ዓይን ደህና አድርገው ይጠብቁልኝ አባባ፤ ሦስት ክፍል ከነግቢው ነው እዚያ ውስጥ ያለው።

ምላሲት